ከጥርሱ በፊት ሞዞውን እዩ፦ ስለ ትንሽ ፍሪዊል ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ የሳይክል ወዳጆች ዘንድ አንድ ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። የሚያወራው ስለ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ ስለዚህ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ያለው ሁሉ የኋላውን ፍሪዊል (ካቴናው የሚዞርበትን፣ ፔዳል መርገጥ ሲቆም ጎማውን የሚለቀውን ባለ ጥርስ ብረት) አውልቆ የተገኘውን ትንሹን ያስገባ፤ 14፣ 13፣ ከተገኘም 12 ጥርስ። ትንሽ ፍሪዊል ፈጣን ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። የትኛውም ፍሪዊል የትኛውም ሞዞ (የጎማው መሃል ያለው፣ ፍሪዊሉ የሚታሰርበት አካል) ላይ ይገባል። በፊለት (እንደ ብሎን በሚጠመዘዝ መስመር) የሚታሰር ሞዞ ግን ፔርኖ፣ ማለትም በሞዞው መሃል የሚያልፈውን ዘንግ፣ ስለሚሰብር አቅም ያለው ወደ ካሴት ይሂድ፤ ጥርሶቹ ሳይጠመዘዙ ተንሸራተው ወደሚገቡበት ሞዞ ማለት ነው። አቧራ እንዳይገባ ፍሪዊሉ በግራሶ ይሞላ። ደፋር የሆነ ደግሞ ፍሪዊሉን እንዳይለቅ አስበይዶ ፍሬኑን ይፍታ።

ጸሐፊው ሳይክል እንደሚወዱ ከጽሑፉ ያስታውቃል። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው መኖሩም ደስ ይላል። ግን ይህን ምክር አንብቦ ነገ ጠዋት ሰሪ ጋ የሚሄድ ሰው አለ። ተማሪ አለ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ጭኖ የሚወጣ አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ እንዳያልፈው የሚሮጥ አለ። ለእነዚህ ሰዎች ሞዞ ተበላሸ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አነሳለሁ።

«ትንሽ ፍሪዊል ፈጣን ነው» ይላሉ ጸሐፊው።

የኋላውን ጥርስ ብቻ አይቶ ስለ ፍጥነት መናገር አይቻልም። መታየት ያለበት የፊቱ ጥርስ ለኋላው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ነው። ፊት 44፣ ኋላ 16 ከሆነ 2.75 ይመጣል። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ 2.75 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ፊት 33፣ ኋላ 12 ብታደርጉትስ? ያው 2.75 ነው። በ26 ኢንች ጎማ ሁለቱም በአንድ የፔዳል ዙር 5.7 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። አንዱ ከሌላው አይቀድምም።

ምናልባት ጸሐፊው የፈለጉት የፊቱን ሳይነኩ የኋላውን ብቻ ማሳነስ ይሆናል። እሺ፣ እሱንም እናስላው። 44 በ18 የነበረውን 44 በ13 ብናደርገው፣ በደቂቃ 80 ዙር ለሚረግጥ ሰው ፍጥነቱ በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር ወደ 33 ይወጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት፣ እግር ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ያለበት ኃይል 38 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እሱም ፍጥነቱ ሳይጨምር ነው። ከ24 ወደ 33 ለመውጣት ደግሞ ነፋሱን ለመግፋት ብቻ ከሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ጉልበት ያስፈልጋል። ያ ጉልበት ከሌለ ሰውየው 80 ዙሩን አይረግጥም። እየከበደው 55 እና 60 ዙር ይረግጥና እንደ በፊቱ በ24 ይሄዳል። ልዩነቱ አሁን ጉልበቱን ያመዋል።

ሐዋሳ ሜዳ ናት ማለታቸው ልክ ነው። ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ስትወርዱ መንገዱ ራሱ ይወስዳችኋል። ግን ሜዳ ከተማ ውስጥም መቆምና መነሳት አለ። አደባባይ አለ። ባጃጅ ፊታችሁ ድንገት ተሳፋሪ ለማንሳት ይቆማል። ከቆሙበት መነሳት የዳገት ያህል እግር ይጠይቃል፤ ከኋላ ጭነት ካለ ደግሞ ይብሳል። ወደ አላሙራ አቅጣጫ ወይም ወደ ሻሸመኔ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። 26 ኢንች ጎማና ፊት 44 ጥርስ ላለው፣ ብቻውን ለሚሄድ ጠንካራ ጎረምሳ 16 ይበቃዋል። ለአብዛኛው ሰው 18 ይሻላል። ዓሣ፣ ጀሪካን ወይም ሰው ለሚጭን 20። ጎማው 28 ኢንች ከሆነ አንድ ጥርስ ጨምሩበት፤ ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ይጨምራልና።

«ቀላል ስለሆነ ቢኤምኤክስ ነጂዎች ሁሉ ወደ ትንሽ ሄደዋል» የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው።

ቢኤምኤክስ፣ ማለትም ለዝላይና ለትርኢት የሚነዳው ትንሽ ሳይክል፣ በእርግጥ ወደ ትንሽ ሄዷል። ድሮ መደበኛው 44 በ16 ነበር። ከዚያ 36 በ13 መጣ። ዛሬ በብዛት የሚታየው 25 በ9 ነው። ሦስቱንም አካፍሏቸው፤ 2.75፣ 2.77፣ 2.78። ፍጥነቱ አልተነካም። ታዲያ ለምን አሳነሱት? ነጂዎቹ በብረት አጥርና በደረጃ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተቱ የፊቱ ትልቅ ጥርስ ስለሚመታባቸው ነው። የፊቱ ሲያንስ የኋላው አብሮ ማነስ ነበረበት። ክብደትም ቀነሰላቸው። ለእነሱ ሥራ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በሐዋሳ አስፋልት ላይ ግን በፔዳል ጥርስ አጥር ላይ የሚንሸራተት ተማሪ አላየሁም።

ዋጋውን ደግሞ ካቴናው ይከፍላል። በአንድ ዓይነት የእግር ግፊት፣ ፊት 33 ያለው ሳይክል ካቴና ፊት 44 ካለው በአንድ ሦስተኛ የበለጠ ይወጠራል። ያ ውጥረት ኋላ ላይ የሚያርፈው በጥቂት ጥርሶች ነው። ባለ 12 ጥርሱ ላይ በአንድ ጊዜ ካቴናውን የሚይዙት ስድስት ገደማ ናቸው፤ ባለ 16ቱ ላይ ስምንት። እያንዳንዱ የካቴና መገጣጠሚያም ባለ 12ቱ ላይ 30 ዲግሪ ይታጠፋል፣ ባለ 16ቱ ላይ 22.5። የበለጠ ውጥረት፣ የበለጠ መታጠፍ፣ ያነሰ ጥርስ። ውጤቱ ቶሎ የሚላላ ካቴናና ቶሎ የሚሾል ጥርስ ነው። የሐዋሳ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ መሆኑን አትርሱ። ያ ደቃቅ አሸዋ ዘይት ያለው ካቴና ላይ ሲቀመጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። «የትኛውም ፍሪዊል የትኛውም ሞዞ ላይ ይገባል፤ እምቢ ካለ ሰሪው ያስገባዋል።»

ለዚህ ምላሽ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በተለይ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። በእሱ ምክንያት ብዙ ሞዞ ሊበላሽ ይችላል።

ፍሪዊል ሞዞው ላይ የሚጠመዘዘው በፊለት ነው። በብዛት የምናገኘው መደበኛ ፊለት ስፋቱ 1.37 ኢንች ነው፤ ወደ 34.8 ሚሊሜትር ማለት ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 24 መስመር አለው። ባለ 16፣ 18፣ 20፣ 22 ጥርስ ፍሪዊሎች በዚህ ይሠራሉ። ከ16 በታች ስትወርዱ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ባለ 15፣ 14 እና 13 ጥርሶቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በሌላ ፊለት ነው፤ 30 ሚሊሜትር ስፋት፣ በአንድ መስመርና በሚቀጥለው መካከል 1 ሚሊሜትር። ለቢኤምኤክስ ሞዞ የወጣ ነው። ይህ ፍሪዊል ሰፊው ሞዞ ላይ ጭራሽ አይገባም። ሰፊው ፍሪዊል ደግሞ በጠባቡ ሞዞ ላይ ይዋኛል። ሰሪው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አምስት ሚሊሜትር ልዩነትን በመዶሻ አያስታርቅም።

ለምን በ16 ተገደበ? የፍሪዊልን ሆድ ማየት ነው። የካቴና አንድ መገጣጠሚያ ከሚቀጥለው 12.7 ሚሊሜትር ይርቃል። በዚህ ስሌት ባለ 16 ጥርሱ ከጥርሶቹ ሥር ሲለካ ስፋቱ 57 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መሃሉን 34.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይወስደዋል። በየጎኑ የሚቀረው 11 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እዚያች ውስጥ የውስጡ ቀለበት፣ ኩሽኔታዎቹ፣ ሞላዎቹ፣ እነዚያ ጠቅ ጠቅ የሚሉት ትንንሽ ምላሶችና የውጪው ቀለበት መግባት አለባቸው። ባለ 14 ብታደርጉት ከሥር ያለው ስፋት 49 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በሰፊው ፊለት ከሄዳችሁ በየጎኑ 7 ሚሊሜትር ብቻ ይተርፋል። ለምላሱም ለቀለበቱም ቦታ የለም። ለዚህ ነው ቀዳዳውን ወደ 30 ሚሊሜትር ያጠበቡት። እንዲያም ሆኖ ባለ 13ና 14ቱ ውስጥ ያለው ብረት ከባለ 18ቱ የሳሳ ነው። ከባድ ሰው ወይም ከባድ ጭነት ከላዩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸነፉት ምላሶቹ ናቸው። እግር ሲጫን «ቋ» ብሎ ባዶውን ይዞራል፤ ሰውየው ወደ ፊት ይወድቃል።

ከ13 በታችስ? 12፣ 11፣ 10፣ 9 ብላችሁ የምታገኙት በአብዛኛው ለብቻው የሚጠመዘዝ ፍሪዊል አይደለም። ድራይቨር ይባላል፤ ምላሶቹ ሞዞው ውስጥ ናቸው፣ ጥርሱ ከድራይቨሩ ጋር አንድ ብረት ነው። ድራይቨሩን ከፈለጋችሁ ሞዞውንም መግዛት አለባችሁ። ሞዞውን ከገዛችሁ ራጂውን (ሞዞውን ከቸርኬው የሚያገናኙትን ሽቦዎች) ፈትቶ ጎማውን እንደ አዲስ መጥለፍ ይመጣል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የድሮ የፈረንሳይ ሳይክሎች የሞዞ ፊለት 34.7 ሚሊሜትር ነው፣ መስመሩ በ1 ሚሊሜትር። ከመደበኛው ጋር በዓይን አይለይም። ፍሪዊሉ ሁለት ዙር በቀላሉ ይገባና ይጠብቃል። እዚህ ላይ «ትንሽ ጫን በለው» የሚል ሰሪ የሞዞውን ፊለት ልጦ ይጥለዋል። ትክክለኛ ፍሪዊል እስከ መጨረሻው በእጅ መግባት አለበት። በእጅ እምቢ ካለ አቁሙ።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ፍሪዊል ይዛችሁ ሂዱ። ከቻላችሁ ጎማውንም። አዲሱን እዚያው በእጃችሁ አጠማዝዙት። ካሊፐር ያለው ሰው ካገኛችሁ ሞዞውን ለኩት፤ ወደ 35 የሚጠጋ ከሆነ ምርጫችሁ ከ16 ይጀምራል፣ 30 ከሆነ ትንንሾቹ ይገቡላችኋል። ምርጫውን የሚጀምረው ሞዞው ነው፤ ጥርሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጽሑፉ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል።

ለማስገባትም ለማውጣትም አንድ ቃል። ፍሪዊል በተረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ይሄዳል። ስለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት ፊለቱን ግራሶ ቀቡት፤ እዚህ ቦታ ግራሶ ግዴታ ነው። ለማውጣት አራት ጥርስ ያለው መፍቻ ሞርሳ ላይ ይታሰርና ጎማው እንዳለ በግራ በኩል ይጠመዘዛል። መፍቻውን በፔርኖው ዳዶ ሳያጠብቁ መጠምዘዝ የፍሪዊሉን ጎድጓዳ ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ መዶሻና ሹል ብረት አይወጣም።

«በፊለት የሚታሰር ሞዞ ፔርኖ ይሰብራል» የሚለው ነጥብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ባለ ብዙ ማርሽ ሳይክል ላይ እውነት ነው። ስድስት ሰባት ጥርስ የተደረደረበት ፍሪዊል ሰፊ ነው። በዚህ ምክንያት የቀኙ ኩሽኔታ ከፔርኖው ጫፍ ወደ ውስጥ ይርቃል። ያ የተንጠለጠለ ፔርኖ ጭነት ሲበዛበት ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ሺማኖ በ1978 ያወጣው ፍሪሀብ የሚባለው አሠራር የቀኙን ኩሽኔታ ወደ ጫፉ በመግፋት ይህንን ችግር አቃልሎታል። ባለ አንድ ጥርስ ፍሪዊል ግን ቀጭን ነው። በጠባቡ ፍሬም፣ ሞዞው የሚገባበት የኋላ ክፍተት 110 ወይም 120 ሚሊሜትር በሆነው ላይ፣ ኩሽኔታው ለጫፉ ቅርብ ነው። ለዚህ ሳይክል የሌላውን በሽታ መስጠት አይገባም። እንዲያውም ሌላ ጥቅም አለው፤ ቸርኬው መሃል ላይ ስለሚቆም የግራና የቀኝ ራጂዎች በእኩል ይወጠራሉ፣ ጎማውም ይጠነክራል።

ካሴት ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር በከፊል እስማማለሁ። ቀድሞውኑ ባለ ካሴት ማውንቴን ሳይክል ያለው ሰው ሞዞውን መቀየር አያስፈልገውም። ካሴቱን አውልቆ አንድ ጥርስ ከማራራቂያ ቀለበቶች ጋር ያስገባል። ቀለበቶቹን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ካቴናውን ቀጥ ማድረግ ይችላል። ባለ 12ና 13 ጥርስም ያለ ፊለት ጣጣ እዚያ ይገባል። የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የካሴቱ አካል አሉሚኒየም ከሆነ እግሩ ሰፊ የሆነ ጥርስ ፈልጉ። ቀጭኑ አሉሚኒየሙን እየቆረጠ ይገባበታል። አዲስ የካሴት ሞዞ ገዝቶ በድሮ ጠባብ ፍሬም ላይ ለመትከል ማሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። የካሴት ሞዞ በብዛት 130 ወይም 135 ሚሊሜትር ነው። 110ሩን ፍሬም ገንጥሎ 135 ማስገባት ፍሬሙን ያጣምመዋል። አሉሚኒየም ፍሬም ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት፤ ይሰነጠቃል።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገርም አለ። የጥርስ ቁጥር ሲቀየር ጎማው ቦታውን ይቀይራል። አንድ ጥርስ ሲቀነስ ፔርኖው ወደ ኋላ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ከ20 ወደ 16 የሚወርድ ሰው 13 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ያስፈልገዋል። ፔርኖው የሚገባበት የፍሬም ስንጥቅ ወደ ኋላ ረጅም ከሆነ ችግር የለም፤ ካልበቃ ካቴናው ይቆረጣል። ስንጥቁ ወደ ታች የሚከፈት ከሆነ ግን ጎማው ወደ ኋላ አይንቀሳቀስም፤ ካቴና ወጣሪ ያስፈልጋል። ሲጨርሱ ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫወት። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የካቴናውንም ስፋት እዩ፤ ለሰፊ ካቴና የተሠራ ወፍራም ጥርስ ላይ ባለ ብዙ ማርሽ ቀጭን ካቴና አይቀመጥም።

«ፍሪዊሉ በግራሶ ይሞላ» የሚለውን አልቀበለውም። ፊለቱ ላይ ግራሶ፣ ሆዱ ውስጥ ቀጭን ዘይት። ምላሶቹን የሚያነሳቸው ፀጉር የምታክል ሞላ ናት። ወፍራም ግራሶ ምላሱን ካጣበቀው ሞላዋ አታነሳውም። አቧራ ከግራሶው ጋር ሲቦካ ደግሞ ሁለት ምላስ ካለው ፍሪዊል አንዱ ተኝቶ ሁሉንም ጭነት ሌላው ይሸከመዋል። ከዝናብ በኋላ ጎማውን በጎኑ አስተኝታችሁ፣ እያዞራችሁ በስንጥቁ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት አግቡ። ድምፁ ጥርት ሲል ይበቃዋል። የወጣውን ዘይት በጨርቅ ጥረጉት።

የመጨረሻው ነጥብ ፍሪዊሉን አስበይዶ ፍሬኑን መፍታት ነው። ይህን በተመለከተ ለዘብ ብዬ መናገር አልችልም።

የማይለቅ ጥርስ ያለው ሳይክል መንዳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ለእሱ የተሠራው ሞዞ ግን ሁለት ፊለት አለው። አንዱ ለጥርሱ ነው። ሌላው ጠበብ ያለ፣ 1.29 ኢንች፣ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዞር ነው። እዚያ ላይ የሚጠብቀው ቀለበት ጥርሱ ወደ ኋላ እንዳይፈታ ይይዘዋል። ተራው የፍሪዊል ሞዞ ይህ ቀለበት የለውም። የተበየደ ፍሪዊል በዚህ ሞዞ ላይ ታስሮ ነጂው ለማቆም ወደ ኋላ ሲረግጥ፣ የሚፈታበት አቅጣጫ ራሱ ያ ነው። ይላቀቃል። ፍሬኑ ደግሞ ቀድሞ ተፈትቷል። ከታቦር ግርጌ ወደ ታች እየወረደ ያለ የ15 ዓመት ልጅ በዚያች ሰከንድ የሚይዘው ነገር የለውም። ብየዳው ራሱም የፍሪዊሉን ጠንካራ ብረት በቀላሉ የሚሰበር ያደርገዋል።

ፍሪዊል ያለው ሳይክል በፔዳል አይቆምም። ፊትም ኋላም የሚሠራ ፍሬን ያስፈልገዋል። ስለ ጥርስ ቁጥር የተለያየ ሐሳብ ሊኖረን ይችላል፤ 16 ይሻላል፣ 18 ይሻላል ብንከራከር ማንም አይጎዳም። ስለ ብየዳውና ስለ ፍሬኑ የተጻፈውን አንቀጽ ግን ጸሐፊው ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት፣ ምክሩን ቀድመው ለተቀበሉት ልጆችም ፍሬናቸውን ዛሬውኑ እንዲያስመልሱ እንዲነግሯቸው በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ።